ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሯጮች፦ ከምንጣፍ እስከ ጎንደር ዳገት የአተነፋፈስ መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ሩጫ ጀምረው በሁለተኛው ሳምንት የሚያቆሙ ብዙ ሰዎች ምክንያታቸው አንድ ነው፤ «ትንፋሽ የለኝም» ይላሉ። እግራቸው አልዛለም፣ ጉልበታቸውን አላመማቸውም። ግን ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ደረታቸው ይታፈናል፣ አፋቸው ይደርቃል፣ መንገድ ዳር ቆመው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። ከዚያ አንዱ መጥቶ «አየር በደንብ ሳብ» ይላቸዋል። በማግስቱ በኃይል እየሳቡ ይወጣሉ፤ ያው ይደገማል፣ እንዲያውም ይብሳል።

የሚብስበት ምክንያት አለው። ተንፍስ ተንፍስ የሚያሰኘን በዋናነት የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሱ የሚወገደው ደግሞ አየር ስናስወጣ ነው። ሯጩ የቀደመውን በቅጡ ሳያስወጣ ሌላ ልሳብ ሲል ለአዲሱ አየር ቦታ ያጥረዋል፤ በሞላ ጀሪካን ላይ ውኃ ማንቆርቆር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ከማስወጣት ይጀምራል፦ ቆጠራውም፣ ዳገቱም፣ ትንፋሽ ሲጠፋ መመለሻውም። ሌላው ጉዳይ ፍጥነት ነው። ፍጥነታችሁን ትንፋሻችሁ ይወስነው እንጂ ትንፋሻችሁ ፍጥነታችሁን ሲያሳድድ አይዋል።

ልምምዱ 6 ሳምንት ይወስዳል። ደረጃ አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው የሚከሽፈው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች «ይሄማ ቀላል ነው» ብሎ ስለሚያልፋቸው ነው።

ቅድሚያ፦ ሐኪም ማየት ያለባችሁ መቼ ነው?

ልምምድ የማይፈታው የትንፋሽ ማጠር አለ። ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ካለባችሁ ጫማ ከማሰራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ እነሱ አስፈላጊ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ይልኳችኋል።

- ስትሮጡ ደረት ላይ የሚጫን ወይም የሚጨመድድ ሕመም፣ በተለይ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ከሆነ
- ራስን መሳት፣ ወይም ልብ ያለ ሥርዓት መምታት
- ጋደም ስትሉ የሚብስ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያባንን መታፈን፣ የእግር ማበጥ
- ከ2 ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት
- ደረት ውስጥ የሚያፏጭ ወይም ሲር ሲር የሚል ድምፅ

ወጣት ነኝ ብላችሁ አትዘናጉ። ሪውማቲክ የሚባለው የልብ ሕመም አገራችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በወጣቶች ላይ ነው፤ መነሻውም በልጅነት በቅጡ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ነው። በልጅነታችሁ መገጣጠሚያ እያበጠ ያመማችሁ ከነበረ፣ ወይም ሐኪም ልባችሁ ላይ የተለየ ድምፅ ሰምቶ ከነበረ፣ ሳትመረመሩ አትሩጡ።

የደም ማነስም እንዲሁ ነው። ደረጃ ስትወጡ የሚያልከለክላችሁ፣ ብድግ ስትሉ ዓይናችሁ ጭልም የሚልባችሁ ከሆነ ሄሞግሎቢናችሁን አስለኩ። የወር አበባ የሚበዛባቸውና በቅርብ የወለዱ ሴቶች ይህን ቸል አትበሉ። ምግብ እንደተበላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያደናቅፍ ቢያንስ አንድ ሰዓት አቆዩት። ቡና በሚወደድበት ቤት ይህ ቀላል ምክር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ደሙ ያነሰ ሰው የቱንም ያህል አተነፋፈስ ቢማር ዳገቱ ይጥለዋል።

ዝግጅት

*ሰዓት።* ጎህ ከቀደደ በኋላ ውጡ፤ በጨለማ መውጣት ለውሻም ለእንቅፋትም ያጋልጣል። ገና ማለዳ ላይ የማገዶ ጭስ ዝቅ ባሉት ሰፈሮች፣ በቀሃና በአንገረብ ወንዝ ዳር፣ ተኝቶ ስለሚቆይ ከፍ ወዳለው በኩል ሂዱ። ባጃጅና የጭነት መኪና ሲበዛ ግን ከዋናው አስፋልት ውጡ። ጠዋት የማይመቻችሁ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ሞክሩ።

*ቦታ።* ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ደልዳላ ቦታ ያስፈልጋችኋል፤ ጎንደር ደግሞ ደልዳላ አይበዛባትም። አዘዞ በኩል ያለው መሬት ይሻላል። ከተማ ውስጥ ከሆናችሁ 200 ሜትር ያህል ሜዳማ ቦታ ፈልጋችሁ እየተመላለሳችሁ ሩጡ። መመላለሱ ይሰለቻል፣ ግን ይሠራል። ከአዘዞ ወደ ከተማ የሚመጣው መንገድ ለዓይን ሜዳ መስሎ ቀስ በቀስ የሚያቀብት ስለሆነ ጀማሪን ያታልላል፤ «ዛሬ ምን ነካኝ?» የሚያሰኘው እሱ ነው።

*ሆድ።* ከባድ ምግብ ከበላችሁ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቆዩ። የተነፋ ሆድ ከሳምባ በታች ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ወደ ታች እንዳይወርድ ያግደዋል። በጾም ወቅት ቀለል ያለውን ሩጫ ጠዋት፣ ዳገቱን ደግሞ ጾም የሚፈታበት ሰዓት ሲቃረብ አድርጉት።

*ልብስ።* ሆድ የሚያስር ቀበቶ፣ መቀነት ወይም ላስቲክ ይፈታ። ስልክ በእጅ ይዛችሁ አትሩጡ፤ የያዘው እጅ ትከሻን ይወጥራል፣ የተወጠረ ትከሻ ትንፋሽን ወደ ላይ ይጎትታል።

*አፍንጫ።* ከመውጣታችሁ በፊት አጽዱት፤ በበጋ አቧራ ጊዜ በንጹሕ ውኃ እጠቡት።

ደረጃ 1፦ ተኝቶ መተንፈስ (ሳምንት 1)

1. ምንጣፍ ወይም ሰሌን ላይ በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን እጠፉ፤ የእግራችሁ መርገጫ ወለሉን ይንካ።
2. አንድ እጅ ደረት ላይ፣ ሌላውን ከእምብርት ከፍ አድርጋችሁ ሆድ ላይ አኑሩ።
3. ከንፈራችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ አየሩን በአፍ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። እስከ 5 ቁጠሩ። መጨረሻ ላይ ሆድ ወደ ውስጥ ሲገባ ሊሰማችሁ ይገባል።
4. አንድ አፍታ ቆም በሉ። አትታገሉ።
5. አፋችሁን ዝጉና አየሩ በአፍንጫ በራሱ ይግባ፤ እስከ 3 ቁጠሩ። ሆድ ላይ ያለው እጅ ከፍ ይበል፣ ደረት ላይ ያለው እምብዛም አይንቀሳቀስ።
6. ይህን ለ5 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ አድርጉ።

ደረት ላይ ያለው እጅ ከቀደመ፦ አንድ ኪሎ ሽሮ ወይም ስኳር በላስቲክ እንደታሰረ ሆድ ላይ አስቀምጡ። አየር ሲገባ ላስቲኩ ከፍ ይላል፣ ሲወጣ ዝቅ ይላል፤ ዓይናችሁ እያየው ሆዱ ይማራል። በአንድ ጊዜ ካልመጣላችሁ አትበሳጩ። ለዓመታት በደረታቸው ሲተነፍሱ የኖሩ ሰዎች ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል።

ራሳችሁ ጭው ካለ፦ አበዛችሁት። ትንፋሹን ቀንሱ፤ ዝግ ይበል እንጂ ትልቅ መሆን የለበትም።

ወደ ቀጣዩ ደረጃ የምታልፉት ደረት ሳይቀድም 5 ደቂቃ ሙሉ ስትጨርሱ ነው።

ደረጃ 2፦ ቆሞና እየተራመዱ (ሳምንት 2)

ተኝቶ የተማሩት ሲቆሙ ይጠፋል፤ ስለዚህ እንደገና ትማሩታላችሁ። ቁሙ፣ ሁለቱን እጆች ከታችኞቹ የጎን አጥንቶች ላይ ግራና ቀኝ አድርጉ፣ አስወጡ፣ ከዚያ አየሩ ሲገባ አጥንቶቹ ወደ ጎን ሲከፈቱ እጃችሁ ይሰማው። 10 ጊዜ በቂ ነው።

ከዚያ በእግር ሂዱ። ወደ ሥራ ወይም ወደ ገበያ የምትሄዱበት መንገድ መለማመጃ ይሁን። በሦስት እርምጃ አስወጡ፣ በሦስት እርምጃ አስገቡ። በልባችሁ «ውጭ፣ ውጭ፣ ውጭ፤ ውስጥ፣ ውስጥ፣ ውስጥ» እያላችሁ እያንዳንዷን ቃል ከአንድ እግር ጋር አሳርፏት። ሁልጊዜ ከ«ውጭ» ጀምሩ። ከዚህ ደረጃ ጀምሮ አየሩ በአፍንጫም በአፍም ይግባ፤ የሚመቻችሁን ተከተሉ።

የሚበላሸው እዚህ ነው፦ ከመስተዋት ፊት ቁሙና አንድ ትልቅ ትንፋሽ ሳቡ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ከወጣ፣ አንገታችሁ ላይ ጅማቶቹ ከተገተሩ፣ ከአንገት በታች ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ ከገባ፣ አሁንም የምትተነፍሱት በላይኛው ደረት ነው። እነዚያ የአንገት ጡንቻዎች ትናንሽ ናቸው፤ ሩጫ ላይ ቶሎ ይደክማሉ፣ ሲደክሙም መታፈን ሆኖ ይሰማል። ትከሻን ወደ ላይ ስባችሁ ድንገት ልቀቁት፣ አገጫችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጉ፣ ከማስወጣት እንደገና ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ማሟሟቅ

ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሳ አይሮጥም የሚባለው ለሳምባም እውነት ነው። ከቤት ወጥተው ወዲያው የሚሮጡ ሰዎች ልባቸውና ትንፋሻቸው እግራቸው የሚጠይቀውን ለማሟላት ጥቂት ደቂቃ እንደሚፈልጉ ይዘነጋሉ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚሰማችሁ መታፈን ትልቁ ድርሻ ከዚህ ይመጣል።

1. 5 ደቂቃ በእግር፣ ከዝግታ ወደ ፈጣን።
2. 3 ደቂቃ እጅ ማዞር፣ ወገብ ማዟዟር፣ ጉልበት ማንሳት።
3. 3 ደቂቃ እጅግ ዝግ ያለ ሶምሶማ፤ በእግር የሚሄድ ሰው ሊቀድማችሁ ቢደርስ ግድ የለም።
4. አንድ ደቂቃ በእግር። ከዚያ ጀምሩ።

በታኅሣሥና በጥር ማለዳ ብርዱ ሲበረታ ይህን ወደ 15 ደቂቃ አሳድጉት፤ አፍና አፍንጫችሁንም ስስ ጨርቅ ሸፈን አድርጉ። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የትንፋሽ ቧንቧን ያጠብባል። አስም ኖሮባችሁ ሐኪም ከሩጫ በፊት እንድትጠቀሙ ሳልቡታሞል ካዘዘላችሁ፣ እንደታዘዘው ከመነሳታችሁ 15 ደቂቃ ያህል ቀደም ብላችሁ ውሰዱ።

ደረጃ 4፦ ትክክለኛውን ፍጥነት ማግኘት (ሳምንት 3)

እየሮጣችሁ ይህን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላችሁ በሉ፦ «ዛሬ ጠዋት ሜዳውን ዞሬ ስጨርስ በቀስታ ወደ ቤት እመለሳለሁ»። ሳትቆራርጡ ከጨረሳችሁት ፍጥነቱ ልክ ነው። መሃል ላይ ትንፋሽ ካቋረጣችሁ ፈጥናችኋል። ሁለት ቃል ብቻ ከወጣላችሁ ወደ እርምጃ ተመለሱ።

ከጓደኛ ጋር የምትሮጡ ከሆነ ፍጥነቱን ደካማው ይወስን። ጎን ለጎን እየሮጡ አንዱ ሌላውን መጎተት እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ ጀማሪን ከሩጫ የሚያስወጣውም ይኸው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

- 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፤ 8 ጊዜ ይደገም። በሳምንት 3 ቀን፣ በመሃሉ እረፍት ቀን ይኑር።
- በ3ኛው ቀን ቀለል ካላችሁ 2 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ።
- በ4ኛው ሳምንት 4 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 1 ደቂቃ እርምጃ፤ 5 ጊዜ።

ወደ እርምጃ የምትመለሱት ትንፋሽ ሲያልቅ ሳይሆን ሰዓቱ ሲደርስ ነው። ደህና ነኝ ብላችሁ አንዱን እረፍት ብትዘሉ ቀጣዩ ሁለቱ ይበላሻሉ።

በአፍንጫ ብቻ ልተንፍስ ወይስ በአፍ? በዚህ ዝግ ያለ ፍጥነት በአፍንጫ መሳብ ከቻላችሁ መልካም፤ አየሩን ያሞቃል፣ አቧራውን ያጣራል። ፍጥነት ሲጨምር ግን አፍንጫ ብቻውን አይበቃም። ያኔ አፍ ይከፈት፣ መንጋጋ ይላላ፣ አየሩ በሁለቱም ይግባ። ጥርስ ነክሶ በአፍንጫ ብቻ ዳገት መውጣት ጥንካሬ የሚመስላቸው አሉ፤ ትርፉ መታፈን ነው።

ደረጃ 5፦ ትንፋሽን ከእግር ጋር ማያያዝ (ሳምንት 4)

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህን ደረጃ ነው፤ የቀደሙት ሁሉ ወደዚህ ማምጫ ናቸው።

አንድ ሯጭ በደቂቃ ወደ 170 እርምጃ ይራመዳል እንበል። በሦስት እርምጃ አስወጥቶ በሦስት ካስገባ በደቂቃ 28 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ለዝግተኛ ሶምሶማ ይህ ይበቃል። ሁለት በሁለት ካደረገው ወደ 42 ይደርሳል፤ ብዙ ሯጮች በመካከለኛ ፍጥነት ሳያውቁት እዚህ ላይ ነው ያሉት። ስለዚህ ቆጠራው ማርሽ ነው፦ ፍጥነት ሲጨምር ወደ አጭሩ ትቀይራላችሁ፣ ሲረጋጋ ትመልሱታላችሁ።

1. ከማሟሟቅ በኋላ ለመጀመሪያው ደቂቃ አትቁጠሩ። ሰውነት ይርጋ።
2. የግራ እግራችሁ መሬት ሲነካ «ውጭ» ብላችሁ ጀምሩ። «ውጭ፣ ውጭ፤ ውስጥ፣ ውስጥ»።
3. «ውጭ» የምትለዋ ድምፅ ይኑራት፤ ከጎናችሁ ያለ ሰው ቢሰማው አትፈሩ። «ውስጥ» የምትለዋ ግን ዝም ያለች ትሁን። በጉልበት አትሳቡ፤ ባዶ የሆነው ሳምባ በራሱ ይሞላል።
4. ለ20 ቆጠራ ያዙት፣ ከዚያ ልቀቁት፣ ዙሪያውን እያያችሁ ሩጡ። ከ2 ደቂቃ በኋላ መልሳችሁ ያዙት።
5. በየቀኑ የምትይዙበትን ጊዜ አስረዝሙ። በሳምንቱ መጨረሻ ሳትቆጥሩ እግራችሁ ራሱ ይቆጥራል።

ቆጠራው ከእግራችሁ ጋር ካልገጠመ፦ በብዛት ምክንያቱ እርምጃው በጣም መርዘሙ ነው። እግራችሁን አሳጥሩና ቶሎ ቶሎ አንሱት።

ሁለት በሁለት ቢያጥራችሁ፦ ቆጠራውን አትለውጡ፤ ፍጥነቱን ቀንሱ። በሜዳ ላይ ሁለት በሁለት የማይበቃችሁ ከሆነ ከአቅማችሁ በላይ እየሮጣችሁ ነው።

ጎን ላይ ውጋት የሚይዛችሁ ከሆነ፦ በአምስት ቁጠሩ፦ «ውጭ፣ ውጭ፤ ውስጥ፣ ውስጥ፣ ውስጥ»። ቁጥሩ ጎዶሎ በመሆኑ የማስወጣቱ መነሻ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግር ላይ ያርፋል። ለአንዳንዱ ሯጭ ይህ ያቀልለታል፤ ለሌላው ለውጥ የለውም። ሞክሩት፤ ካልረዳችሁ ወደ ሁለት በሁለት ተመለሱ። ትንፋሽ መያዝ ግን በየትኛውም ቆጠራ ውስጥ የለም።

ደረጃ 6፦ ዳገት (ሳምንት 5 እና 6)

ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሥር፣ ወደ ቁስቋም በሚወጣው፣ ወይም ከፒያሳ ወደ ጎሃ በሚያቀናው አቀበት ላይ የሚደርሰው ስህተት ያው አንድ ነው፦ ሰዎች ዳገቱን በሜዳ ፍጥነት ይገቡበታል። 30 ሰከንድ ይሄዳል፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። ጎሃ በጣም ቀጥ ያለ ነውና ለመጨረሻ ተዉት።

1. ከዳገቱ 20 እርምጃ በፊት ፍጥነት ቀንሱ። ሁለት ረጅም «ውጭ» አስወጡ።
2. እርምጃችሁን በግማሽ አሳጥሩ። የእግር ፍጥነት እንደነበረ ይቆይ፣ ርዝመቱ ብቻ ይነስ።
3. ከወገብ አትጠፉ። ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ መላ ሰውነት ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል። የታጠፈ ወገብ ሆድን ይጫናል።
4. ዓይናችሁ 10 እርምጃ ወደ ፊት ይመልከት። ኮብልስቶን ላይ ይህ ከባድ ነው፤ ድንጋዩ ስለሚያሰናክል ሰው የእግሩን ጣት እያየ ይወጣል፣ አንገቱ ይታጠፋል፣ ደረቱ ይዘጋል። ቀድማችሁ አይታችሁ የምትረግጡበትን ምረጡ፣ ከዚያ ቀና በሉ።
5. ሁለት በሁለት ያዙ። የመጨረሻው ክፍል ላይ ካልበቃችሁ ወደ ሦስት ቆጠራ ቀይሩ፦ «ውጭ፤ ውስጥ፣ ውስጥ»። «ውጭ»ዋ አንድ ጠንካራ እፍ ትሁን። ይህ በደቂቃ ወደ 57 ትንፋሽ ስለሆነ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትቆዩበት።
6. በእያንዳንዱ እርምጃ መተንፈስ ከጀመራችሁ በእግር ሂዱ።
7. ጫፍ ላይ ስትደርሱ አትቁሙ። 30 እርምጃ በእግር እየሄዳችሁ ትንፋሽን መልሱ።

ልምምዱ፦ 20 ሰከንድ ወደ ላይ ሩጡ፣ በእግር ውረዱ፣ ትንፋሽ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ጠብቁ፤ 5 ጊዜ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። በ6ኛው ሳምንት 30 ሰከንድና 6 ጊዜ ይሁን። በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ስትለማመዱ የቅዳሴና የክብረ በዓል ሰዓትን አክብሩ፤ ምዕመናን በሚያልፉበት መንገድ እያለከለኩ መሮጥ ነውር ነው።

ቁልቁለት ላይ ትንፋሽ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጉልበት ነው። በየእርምጃው ትንፋሽ እየተያዘ ጥብቅ እንዳይል ግን «ውጭ»ዋን አትርሱ።

ትንፋሽ መሃል መንገድ ላይ ሲጠፋ

1. አትቀመጡ፣ አትተኙ። ሩጫውን ወደ እርምጃ ቀይሩ።
2. ከአቅም በላይ ከሆነ ቁሙና ሁለት እጆችን ጉልበት ላይ አሳርፉ፣ ጀርባችሁ ትንሽ ይጎብጥ። «ቀና በል፣ እጅህን ራስህ ላይ አድርግ» የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ ጉልበት ላይ መደገፉ ግን ለድያፍራም የተሻለ አቀማመጥ ይሰጠዋል።
3. ከንፈር ሰብሰብ አድርጋችሁ ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። 5 ጊዜ።
4. ከዚያ በኋላ ብቻ ስለ መሳብ አስቡ።
5. ሁለት ደቂቃ በእግር ሂዱ። ዓረፍተ ነገሩን በሉት። ሳይቆራረጥ ከወጣ በቀድሞው ፍጥነት ሳይሆን በዝግታ ቀጥሉ። ካልወጣ የዛሬው አበቃ፤ በእግር ወደ ቤት።

ከንፈርና የጣት ጫፍ ከደነዘዘ፣ ከወረራችሁ፦ ይህ ከመጠን በላይ በመተንፈስ የሚመጣ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚገባው በታች ወርዷል። ድንጋጤ ያባብሰዋል። ቁጭ በሉ፣ በአፍንጫ ትንሽ ሳቡ፣ በዝግታ አስወጡ፣ በማስወጫው እስከ 6 ቁጠሩ። በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። ፌስታል ውስጥ መተንፈስ አደገኛ ነው፤ አታድርጉት።

ውጋት ከያዛችሁ፦ ፍጥነት ቀንሱ፣ ያመማችሁን ቦታ በጣት ጫን አድርጉ፣ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ በሉ፣ በረጅሙ አስወጡ። በማግስቱ ደግሞ ከሩጫው በፊት የበላችሁትንና የጠጣችሁትን አስታውሱ። ለስላሳ መጠጥና ጭማቂ ዋና ቀስቃሾች ናቸው።

ካቆማችሁ በኋላ ሳልና ሲር ሲር ከመጣ፦ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ጀምሮ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚለቅ ከሆነ የትንፋሽ ቧንቧ በሩጫ ምክንያት እየጠበበ ሊሆን ይችላል። የሚታከም ነገር ስለሆነ ተመርመሩ። ሰው መናገር እስኪያቅተው ካፈነው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ጉንፋን ከያዛችሁ፦ ንፍጥ ብቻ ከሆነ ቀለል ያለ እርምጃ ይቻላል። ትኩሳት፣ የደረት ሳል ወይም የሰውነት መቆረጣጠም ካለ እስኪለቃችሁ እረፉ።

ሲጋራና ሺሻ ለሚያጨሱ፦ ከዚህ ሁሉ ልምምድ ይልቅ ማቆማቸው ይቀድማል።

ከቆላ ለመጣችሁ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፣ እሱም እዚህ ባሕር ጠለል ላይ ካለው ወደ አራት አምስተኛ ይጠጋል። ስለዚህ ከመተማ ወይም ከሁመራ ለትምህርት የመጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሳምንት ማራኪ ግቢ ዙሪያ ሲሮጥ የሚሰማው መታፈን የስንፍና ምልክት አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ከደረጃ 1 እስከ 3 ባለው ብቻ ቆዩ፣ ውኃ በደንብ ጠጡ፣ ከዚያ ሩጡ። ጎንደር የለመደ ሰውም ወደ ኮሶዬና አምባ ጊዮርጊስ ሲወጣ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ አምባ ጊዮርጊስ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል።

ለውጡን መለካት

በ3ኛው ሳምንት መጀመሪያ አንድ የታወቀ መንገድ ምረጡ፤ 10 ደቂቃ የሚፈጅ ይሁን። ሩጡትና ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ጊዜ ወደ እርምጃ እንደተመለሳችሁ፣ ቆጠራችሁ ስንት በስንት እንደነበረ፣ ካቆማችሁ በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትቆርጡ ለማለት ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ። በ6ኛው ሳምንት መጨረሻ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ ድገሙት። ከሦስቱ አንዱ ከተሻሻለ ዳገቱን በሳምንት ወደ 2 ቀን አሳድጉ። ሦስቱም እንደነበሩ ከሆኑና ደረጃዎቹን ሳትዘሉ ከሠራችሁ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ደምና ሳምባ እንዲመረመርላችሁ፣ ልባችሁም እንዲደመጥ ጠይቁ።